ኮምፒውተሬ ይበራና ዊንዶውስ ሳይገባ ሪስታርት ያደርጋል፤ ፎርማት ሳይደረግ ይድናል?

ሰሚት_ነዋሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የቤታችን ዴስክቶፕ አልነሳም ብሎ ጨንቆኛል። ሰፈራችን መብራት ሄዶ ከአንድ ቀን በላይ ቆየ። ሲመጣ ከፈትነው፣ ከዚያ ወዲህ ዊንዶውስ አልገባ አለ። ፋኑ ይዞራል። የአምራቹ ዓርማ ይመጣል። ነጥቦቹ ክብ ሠርተው ትንሽ ይዞራሉ፣ ከዚያ ያ ያዘነ ፊት ያለበት ሰማያዊ ስክሪን ድቅን ይላል። ከሥሩ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ጽሑፍ አለ። ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። እንዲህ ሲደጋግም ቆይቶ «ኦቶማቲክ ሪፔር» ውስጥ ይገባና ማስተካከል አልቻልኩም ብሎ ይቆማል።

ማሽኑ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ ያ ማስቲካ የሚያክለው ቀጭኑ ኤስኤስዲ ነው፣ ኤንቪኤምኢ የሚሉት። ዊንዶውስ 10 ነው ያለበት።

እዚሁ ሰፈር አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ሲስተሙ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። እሺ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ፣ ይዤው ተመለስኩ። የታናሽ ወንድሜ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነው። ፍላሽ ላይ ያለው ኮፒ የድሮ ነው፣ አማካሪው ያረሙለት ሁሉ የለበትም። የአባታችን ፎቶዎችም እዚያው ናቸው፣ አባታችን ደግሞ አርፏል፣ ደግመን የምናነሳው ፎቶ የለም። እባካችሁ መንገድ ካለ ንገሩኝ። ዊንዶውሱ ቢጠፋም ግድ የለኝም፣ ፋይሉ ብቻ ይትረፍልኝ።

ፈጣን_መልስ

እህቴ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዊንዶውስ ይበላሻል፣ የተለመደ ነው። ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ያለው ፋይል አይነካም። ዊንዶውስ ያለበትን ሲን ብቻ ፎርማት አድርጊና አዲስ ጫኚበት፣ ብዙ ሰዓት አይፈጅም።

ቴስተር_በኪሴ

ቆይ ቆይ። እህቴ እንዳትነኪው።

ወንድሜ ፈጣን_መልስ፣ ለክፋት እንዳላልክ ይገባኛል፣ ግን ይህን ምክር ሰምተው ፋይላቸውን ያጡ ሰዎች ማሽናቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ያኔ ምንም ላደርግላቸው አልችልም። አብዛኛው ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ወይም «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ነው። ሁለቱም ያሉት ሲ ውስጥ ነው። ብዙ ማሽን ላይ ደግሞ ዲ የሚባል ክፍል ጭራሽ የለም። በዚያ ላይ በኤስኤስዲ የጠፋ ፋይል እንደ ድሮው ሃርድ ዲስክ በፕሮግራም ተፈልጎ አይገኝም፣ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ ያሳውቀዋል፣ ዲስኩም ያጸዳዋል። ስለዚህ ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ፎርማት የሚባል ነገር አይነሳ።

እህቴ፣ እነዚህን መልሺልኝ።

ማሽኑ ሲበራ ኤፍ2 ደጋግመሽ ስትጫኚ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ይገባል? (አንዳንዱ ላይ ዲሊት ነው።) እዚያ ውስጥ የዲስኩ ስምና መጠን ይታያል? ምንም ሳትቀይሪ አይተሽ ውጪ።

ከመበላሸቱ በፊት የተለየ ነገር አይታችሁ ነበር? እዚህ ግባ የማይባል ቢሆንም ንገሪኝ። ድምፅ፣ መንቀርፈፍ፣ መልእክት፣ ማንኛውም ነገር።

ዊንዶውሱ ሲከፈት ከይለፍ ቃል ሌላ ረጅም ቁጥር ጠይቋችሁ ያውቃል? ቢትሎከር የሚባል ቁልፍ አለ፣ ዲስኩን ይቆልፈዋል። ተቆልፎ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁጥር ያስፈልገናል፣ ባዮስ ውስጥ ከመንካታችን በፊት ማወቅ አለብኝ።

ባሕርዳር_አይሲቲ

ከላይ ያለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ትምህርት ቤት የማስተምርባቸው ኮምፒውተሮች እንዲህ ሲሆኑ እኔ መጀመሪያ የማደርገው ፋይል ማውጣት ነው። ኡቡንቱ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ፍላሽ ላይ ተጭኖ ማሽኑ ከፍላሹ ይነሳል። ዲስኩ ላይ ምንም ሳይጫን «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን መርጠሽ ልክ እንደ ዊንዶውስ ፎልደር ከፍተሽ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ፍላሽ ይበቃል። የኡቡንቱው ፋይል ግን ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አይሞከርም፣ ወንድምሽ ከካምፓስ ዋይፋይ ያውርደው። ፍላሹን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሩፉስ ይባላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሩፉስ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። የመመረቂያው የድሮ ኮፒ ያለበትን ፍላሽ እንዳትጠቀሙ!

ሰሚት_ነዋሪ

ሁለታችሁም ተባረኩ። ባዮስ ገብቻለሁ፣ ዲስኩ ይታያል፣ ስሙም መጠኑም በትክክል አለ፣ 256 ጊጋ ይላል። ረጅም ቁጥር ጠይቆን አያውቅም፣ ይለፍ ቃል ብቻ ነው።

የተለየ ነገር ላልከው፣ ሰዓቱ ያስቸግረን ነበር። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፣ በኋላ ጠዋት ስንከፍተው ዓመቱ ጭራሽ የድሮ እየሆነ ክሮም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ምንም ድረ ገጽ አልከፍት ይል ነበር። ወንድሜ ሰዓቱን ሲያስተካክለው ይከፍታል። ጠዋት ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ ሰዓቱ አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫን የሚል ነገርም ይመጣ ነበር፣ እየተጫንን እናልፈዋለን። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የኡቡንቱውን ፍላሽ ወንድሜ ጓደኛው ጋ ሊያዘጋጅ ሄዷል።

ቴስተር_በኪሴ

በደንብ ይገናኛል! አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ማታ ማታ ዲቫይደሩን ታጠፉታላችሁ?

ሰሚት_ነዋሪ

አዎ፣ እናቴ መብራት ከፍና ዝቅ ስለሚል ሳይጠፋ አይታደርም ትላለች። ሁልጊዜ ነው የምናጠፋው።

ወይኔ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከኡቡንቱ ተነስተን አየን፣ ዲስኩ የለም። ፍላሹ ብቻ ነው የሚታየው። ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ። ዲስኩ ተቃጥሎ ነው? ባዮስ ላይ እኮ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቴስተር_በኪሴ

አይዞሽ። ወንድምሽንም አይዞህ በይልኝ። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፣ እንዲያውም ችግሩ ያለበትን ቦታ ነው ያሳየን። አሁን ሦስት ነገር ገጥሟል፣ ባዮስ ዲስኩን ያየዋል፣ ሊኑክስ አያየውም፣ ዊንዶውስ ደግሞ መነሳት ጀምሮ «የምነሳበትን ዲስክ ላገኘው አልቻልኩም» ብሎ ይወድቃል። ያ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ያለው ጽሑፍ ትርጉሙ ይኸው ነው። ዲስኩ የሞተ ቢሆን ባዮስም ባላየው፣ ነጥቦቹም ባልዞሩ። የተበላሸው ዲስኩም ዊንዶውሱም አይደለም። በእነሱና በማዘርቦርዱ መካከል ያለው መግባቢያ ነው የተቀየረው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አለች፣ ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ማሽኑ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ሴቲንግ የምታቆየው እሷ ናት። ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ተጠባባቂ ኃይል ስለሚሰጥ ባትሪዋ ብዙም አትለፋም። እናንተ ግን ማታ ዲቫይደሩን ስታጠፉ ሥራው ሁሉ የእሷ ነው። (እናትሽ ልክ ናቸው፣ ማጥፋቱን አይተዉ። ጥፋቱ የባትሪዋ እርጅና ነው።) ስትዳከም መጀመሪያ ሰዓቱ ይንቀራፈፋል፣ ቀጥሎ ዓመቱ ይጠፋል። ይህን ያያችሁት ነው። መብራቱ ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ጨርሳ ወደቀች፣ ማዘርቦርዱም የተቀመጠለትን ሴቲንግ ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረው ተመለሰ።

ብዙ የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ የዲስኩ አሠራር፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ዲስኩን የሚያናግርበት መንገድ፣ «ሬድ» ላይ ነው የሚሆነው። ያገለገለ ማሽን የሚሸጡ ሰዎች ዊንዶውስ ሲጭኑ ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀይሩታል። ስለዚህ የእናንተ ዊንዶውስ የተጫነው በኤኤችሲአይ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አሁን በሬድ ነው የሚያናግረው። ዊንዶውስ ሲነሳ የያዘው ድራይቨር (ዲስኩን የሚያናግርበት ፕሮግራም) ሌላ፣ ያገኘው ሌላ። በሬድ ሲሆን ያ ቀጭኑ ኤስኤስዲ ከኢንቴሉ ተቆጣጣሪ ጀርባ ስለሚደበቅ ነው ኡቡንቱም ያጣው።

እንዲህ አድርጊ። ኤፍ2 ተጭነሽ ባዮስ ግቢ። «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ወይም «ስቶሬጅ» በሚለው ሥር «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚል አለ። መጀመሪያ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። «ሬድ ኦን» ላይ ከሆነ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሪው። ይህን ብትቀይር ሲስተምህ ላይነሳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ አትደንግጪ፣ እሺ በይው። ይህ ለውጥ ዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል አይጽፍም። ካልሠራ ወደ ነበረበት ትመልሺዋለሽ፣ ምንም አልተጎዳም። ሰዓቱንም እዚያው አስተካክይ። ሴቭ አድርገሽ ውጪ።

ባትሪዋ ገና ስላልተቀየረች ከዚህ በኋላ ከሶኬት እንዳትነቅይው። ፋይሉ እስኪወጣ ዲቫይደሩም ይብራ።

ፈጣን_መልስ

ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ፋብሪካ ላይ ሬድ ተደርጎ ከመጣ አዲስ ማሽን ገዝቼ ዊንዶውሱ በሬድ ተጭኖ ቢሆንስ? እኔም ወደ ኤኤችሲአይ ልቀይር?

ቴስተር_በኪሴ

አትንካው። እየሠራ ያለ ማሽን ላይ ይህን መቀየር ራሱ ያንኑ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ዋናው ነገር ዊንዶውሱ ሲጫን በየትኛው እንደነበር ነው፣ አንዱ ከሌላው በልጦ አይደለም። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ተጣምረው በእውነተኛ ሬድ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ እጅ አይገባበትም።

ባሕርዳር_አይሲቲ

ወንድሜ ማብራሪያህ ግልጽ ነው። እኔ ጋ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ የነበረው በሌላ መልክ ነው፣ ባትሪው ሲሞት ማሽኑ ከ«ዩኢኤፍአይ» (አዲሱ የአነሳስ ዘዴ) ወደ «ሌጋሲ» (የድሮው) ተመለሰና «ኖ ቡት ዲቫይስ ፋውንድ» ብሎ ቁጭ አለ። ሰማያዊ ስክሪን እንኳን አልመጣም። ዲስኩ ግን ደህና ነበር።

ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ሲባል «ቡትሬክ» የሚለውን ትዕዛዝ አስገቡ፣ «ቼክ ዲስክ» አስኬዱ የሚሉ ብዙ ናቸው። እዚህ ላይ ምንም አይጠቅሙም ነበር። ቼክ ዲስክ በተለይ ዲስኩ እውነትም እየሞተ ከሆነ ፋይል ሳይወጣ ማስኬዱ አደጋ ነው፣ እየጻፈ ስለሚያርም የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ጥገና።

ሰሚት_ነዋሪ

ገባ!!! ዊንዶውስ ገባ!!!

ልክ እንዳልከው «ሬድ ኦን» ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን እሺ አልኩት። ነጥቦቹ ሲዞሩ ወንድሜ ማየት አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ የይለፍ ቃሉ ገጽ መጣ። እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ መጣ።

አሁን የመመረቂያው ጽሑፍ ፍላሽ ላይ እየተገለበጠ ነው፣ ለራሱም በኢሜይል ልኮታል። ፎቶዎቹ ብዙ ስለሆኑ የአጎቴን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ልናመጣ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም። እናቴም እደግ ተመንደግ ብላሃለች።

ቴስተር_በኪሴ

አሜን! እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ ይቀመጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ባትሪዋን ለመቀየር ቴክኒሻን አያስፈልግሽም። ሰዓት የሚያድሱ ሰዎች ጋ ሲአር2032 ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንድ የመኪና ቁልፍ ውስጥም የምትገባው እሷው ናት። ፋይሉ ሁሉ ከወጣ በኋላ ማሽኑን አጥፊ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀይ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነሽ ያዢው፣ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ሽፋኑን ስትከፍቺ መጀመሪያ የብረቱን አካል በእጅሽ ንኪ፣ ሰውነትሽ ላይ ያለው ስታቲክ እዚያ ይቀራል። ባትሪዋን ከጎን የያዛት ትንሽ ብረት አለች፣ በጥፍርሽ ወይም በፕላስቲክ ነገር ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጊያት ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። አዲሷን ስታስገቢ የመደመር ምልክትና ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን። አብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ እንዲያ ነው፣ ቢሆንም አሮጌዋ እንዴት እንደተቀመጠች ፎቶ አንሺ። ከዚያ ባዮስ ገብተሽ ኤኤችሲአይ እንዳለ አረጋግጪ፣ ሲነቀል መልሶ ሬድ ሆኖ ይጠብቅሽ ይሆናል።

አሮጌዋን ባትሪ ሜዳ ላይ አትጣሊ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ በተለይ። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ከባድ ጉዳት ታደርሳለች። በወረቀት ፕላስተር ጠቅልለሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጊያት።

ቨርጂኒያ_ማታ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ይህን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፣ ለየት ያለ ነው። እዚህ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የድሮ ዴስክቶፖችን ሲያስወግድ አንዱን ወስጄ ጎንደር ላሉት እናቴ ልልክላቸው ነው። የአገራችን መብራት 220 ነው፣ እዚህ 120 ነው። ትራንስፎርመር ልግዛላቸው ወይስ ገመዱን መቀየር ብቻ ይበቃል?

ቴስተር_በኪሴ

ሳትልኪ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ከማሽኑ ጀርባ ገመዱ የሚሰካበት አካባቢ ተመልከቺ። ትንሽ ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ካለችና 115 የሚል ከሆነ፣ አገር ቤት ከመሰካቱ በፊት በጠፍጣፋ ጠመንጃ መፍቻ ወደ 230 መዞር አለበት። በ115 እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ጧ ብሎ ይጨሳል፣ ፓወር ሰፕላዩ እዚያው አለቀ። እንዲህ ሆኖ የመጣ ማሽን ከፍቻለሁ፣ ሽታው ለቀናት አይለቅም።

ቀይዋ ማብሪያ ከሌለች የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። «100-240» የሚል ካለ ራሱ ስለሚያስተካክል ትራንስፎርመር አያስፈልግም፣ ገመድ ብቻ ነው የሚቀየረው። 115 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እንዳትልኪው፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩን አስቀይሪ። ሞኒተሩንም አትርሺ፣ የራሱ ወረቀት አለው። እናትሽ ጋ ሲደርስ የባትሪዋን ነገር አስቢበት፣ መጋዘን ውስጥ ተነቅሎ የከረመ ማሽን ከሆነ ባትሪዋ ሞታ ነው የሚደርሰው። እዚያው አዲስ አድርገሽ ላኪው።

ቨርጂኒያ_ማታ

አሁን ሄጄ አየሁት፣ ቀይ የለውም፣ 100-240 ይላል። እፎይ! ባትሪውን ቀይሬ እልከዋለሁ። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ጥቁር_ስክሪን

ይቅርታ በሰው ክር ላይ ገባሁ። የእኔ ላፕቶፕ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ዓርማ እንኳ የለም። ባዮስ ግባ ብትሉኝ የማየው ነገር የለም። ይህም ባትሪ ነው?

ባሕርዳር_አይሲቲ

የአንተ ሌላ ነው፣ ዓርማው ራሱ ካልመጣ ነገሩ ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም። በሩን ሳያልፍ ነው የቆመው። መጀመሪያ ስክሪኑ ብቻ ይሁን ማሽኑ እንለይ። ክፍሉን አጨልምና የስልክህን ባትሪ መብራት ስክሪኑ ላይ በጎን አብራበት። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ካየህ ማሽኑ ደህና ነው፣ የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው የሄደው። ምንም ካላየህ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘው። «ካፕስ ሎክ»ንም ተጫን፣ መብራቷ ትበራለች ትጠፋለች?

ጥቁር_ስክሪን

በባትሪ መብራት ምንም የለም። ቴሌቪዥኑም ምንም አያሳይም። ካፕስ ሎክ ምላሽ የለውም። አንድ ነገር ግን አለ፣ ሲበራ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ አለው፣ ያርፍና ይደግማል።

ቴስተር_በኪሴ

ያ ጢጥ ጢጥ ንግግር ነው። ማዘርቦርዱ ስክሪን ላይ መጻፍ ሲያቅተው የተበላሸውን በድምፅ ይናገራል። ምን ማለት እንደሆነ ከአምራች አምራች ይለያያል፣ የላፕቶፕህን ሞዴል ስምና የጢጡን ብዛት አድርገህ በአምራቹ ድረ ገጽ ብትፈልግ ታገኘዋለህ። እኔ ጋ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ራም ነው። ላፕቶፑ ወድቆ ወይም ቦርሳ ውስጥ ተንገላትቶ ነበር?

ጥቁር_ስክሪን

ከደሴ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት፣ ቦርሳው ላይኛው ዕቃ መጫኛ ላይ ነበር። ከመሄዴ በፊት ይሠራ ነበር።

ቴስተር_በኪሴ

እንግዲያው ራሙ ከቦታው ተነቃንቆ ነው የሚሆነው። አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ። የማይወጣ ከሆነ ከታች ሽፋኑን ስትከፍት መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቅ፣ ይህን ሳታደርግ ራሙን እንዳትነካ። ራሙን በሁለቱ ጎን የያዙትን ብረቶች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጋቸው ከፍ ብሎ ይወጣል። ወርቃማውን ጥርሱን በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ እሸው፣ ፍርፋሪውን እፍ ከማለት በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፣ ምራቅ እንዳይነካው። ከዚያ ገደድ አድርገህ እስኪገባ ግፋና ወደ ታች ተጫነው፣ ቀጭ ሲል ይሰማሃል። ሁለት ራም ካለው መጀመሪያ አንዱን ብቻ አስገብተህ ሞክር፣ ከዚያ ሌላውን። የትኛው እንደታመመ እንዲያ ይለያል።

ጥቁር_ስክሪን

ወንድሜ ሠራ። አንዱ ራም ወጣ ብሎ ነበር፣ በዓይን ይታያል። ሁለቱንም ጠርጌ መለስኳቸው፣ መጀመሪያ ሲበራ ረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ሲቆይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር፣ ከዚያ ዓርማው መጣ። ቴክኒሻን ማዘርቦርድ ነው ብሎኝ ነበር እኮ!

ሰሚት_ነዋሪ

እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ!

እኔም ልንገራችሁ፣ ባትሪዋን ቀየርን። ወንድሜ አሮጌዋን በጓደኛው ቴስተር ሲለካት ከ2 ቮልት በታች ነው ያሳየችው። አዲሷ ከገባች ወዲህ ማታ ዲቫይደሩን እያጠፋን ጠዋት ሰዓቱ ልክ ነው፣ ኤፍ1 የሚለውም ቀርቷል። ፎቶዎቹ አጎቴ ጋ አንድ ኮፒ አላቸው፣ አንዱ እኛ ጋ ነው።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር፣ ይቅርታ። አንደኛ ዩፒኤስ ብንገዛ ይጠቅማል ወይስ ስታቢላይዘር ይበቃል? ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 10 አገልግሎቱ ቆሟል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ይህ ማሽን 11 ይቀበላል?

ቴስተር_በኪሴ

ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ያለሳልሳል፣ ሲሄድ ግን አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ የሚሰጥሽ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት። መመረቂያ ለሚጽፍ ሰው ያ ጥቂት ደቂቃ ብዙ ነው፣ አቅም ካለ ዩፒኤስ እላለሁ። ያገለገለ ዩፒኤስ ስትገዢ ግን ባትሪውን ሻጩ ፊት ፈትኚው፣ ኮምፒውተር አገናኝተሽ ሶኬቱን ንቀይ፣ ወዲያው ከወደቀ ባትሪው ያለቀ ነው። ማተሚያ ማሽን፣ በተለይ ሌዘሩን፣ ዩፒኤሱ ላይ እንዳትሰኪ፣ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ብዙ ፓወር ሰፕላይ የሚቃጠለው በሚመጣባት ቅጽበት ነው።

ባሕርዳር_አይሲቲ

የሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ያቆመው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፣ የደኅንነት ማስተካከያ ግን እንደ በፊቱ አይመጣለትም። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በአብዛኛው የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ስለሆነ የእናንተ ያልፋል። «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፣ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ከሆነ ይበራል። ራም ቢያንስ 4 ጊጋ፣ ዲስክ 64 ጊጋ ነው የሚጠይቀው፣ ሁለቱም አላችሁ። ወንድምሽ ግን ጽሑፉን እስኪያስገባ አትንኩት። ማሻሻያው ቢሰናከል በዚህ ሳምንት ሌላ ጭንቀት አያስፈልጋችሁም።

ፈጣን_መልስ

እኔም የእኔን ማሽን ባዮስ ገብቼ እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። ባትሪው ሲሞት የነበረበትን ለማወቅ። ሌላ የምጨምረው አለ?

ቴስተር_በኪሴ

ጥሩ አድርገሃል። ፎቶዎቹን ለራስህ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ ላካቸው፣ ስልኩም ይጠፋል። ቢትሎከር በርቶ እንደሆነም ተመልከት፣ በርቶ ከሆነ 48ቱን አሃዝ ወረቀት ላይ ጽፈህ አስቀምጥ።